የቀኙ በር ብሎኖች

ጂዳ፣ መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለእንድሪስ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰዉንም፣ ከብቱንም፣ የጨፋንም ማሽላ አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ።

ካለፈው ዐረፋ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩላችሁም። ሥራ በዛብኝ ልልህ ነበር፤ ግን አንተን ማታለል አይሆንልኝም፣ ስንፍና ነው። እናቴ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ተሳፋሪ የምታመላልስበት ላንድሮቨር ላይ መውጣት እንዳቃታት፣ የሰኞን የባቲ ገበያ ልትተው እንደሆነ የጻፍክልኝ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ታጥቦ ደረቀ። እሷ ከዓፋር ሴቶች ጋር በቅቤ ዋጋ መከራከሯን ከተወች የሚቀራት ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ነው። እናቴን ደግሞ ከበሽታ ይልቅ ግድግዳ ይገድላታል።

የምሠራበት ሱቅ የበረሃ መኪና ማሳመሪያ ነው፤ የጣራ መደርደሪያ፣ ተጨማሪ መብራት፣ መርገጫ እንገጥማለን። ወደ ሀገር በሚገባው በሙስዐብ እጅ የላክሁት ካርቶን ውስጥ ያለው የበር መርገጫ ነው። የቀኙን በር የታችኛውን ማጠፊያ ይዞ ክንዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ እናቴ በእሱ ላይ ቆማ ትገባለች። አገጣጠሙ ቀላል ነው። ማጠፊያውን ከመኪናው አካል ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ትፈታለህ፣ የመርገጫውን ብረት ከላይ ትደርባለህ፣ በነዚያው ብሎኖች መልሰህ ታስራለህ። አንተን ለሚያክል የሞተር ሰው ጨዋታ ነው።

ለእናቴ ለዐረፋ እንደምመጣ ንገርልኝ። ባለቤትህ ሰሊማ በሰላም እንድትወልድ ዱዓዬ ነው።

ወንድምህ አብዱልጀሊል


ከሚሴ፣ ኅዳር 2 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልጀሊል፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። አከም፣ ነጋ? እኛ ፈያ፣ ደህና ነን። ሰሊማ ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ አራስ ቤት ናት። ስሙን ሽማግሌዎቹ ዓብዱ ብለውታል።

ካርቶኑ ደርሷል። እማ ዘይቱና መርገጫውን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩና «ራሱ ቢቀር እግሩን ላከልኝ» ብለው ጎረቤቱን በሙሉ አሳቁ። ከዚያ በነጠላቸው ጠቅልለው አልጋ ሥር ሊያስቀምጡት ነበር፤ የመኪና ዕቃ ነው ብዬ ለምኜ ነው ያስጣልኳቸው።

አንተ ጨዋታ ያልከው ነገር ግን እኔን ተጫውቶብኛል። ይቺ መኪና የእርዳታ ድርጅት ተገልግሎባት፣ በሐራጅ ወጥታ፣ ከዚያ የእኛ ወገን እጅ የገባች አሮጊት ናት። ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር ተጋብተዋል። አንዱ እምቢ አለ። ሁለተኛው ራሱ ተበልቶ መፍቻው ዙሪያውን ይሽከረከራል። በብስጭት ሁሉንም በመዶሻና በመሮ ታግዬ አንድ ላይ ፈታኋቸው። እንዳስወጣኋቸው በሩ ወርዶ የእግሬን አውራ ጣት አገኘው። መርገጫውን ደርቤ መልሼ አሰርኩ፤ አሁን ደግሞ በሩ አይዘጋም። የበሩ ቁልፍ ከመያዣው ዝቅ ብሎ ይመታል። በገመድ አስሬ ነው የማሽከረክረው። ትራፊክ ሲያስቆመኝ የምመልሰው ጠፍቶኛል።

እስካሁን እማ ባቲ አልሄዱም። በቤት ውስጥ ደግሞ እንደምታውቃቸው ናቸው፤ የምጣዱን ጥግ፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ የእኔን አካሄድ ሲያርሙ ይውላሉ። ቶሎ መላ በለኝ።

እንድሪስ


ጂዳ፣ ኅዳር 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእንድሪስ፣

ረመዳን ሙባረክ። የዓብዱን እድሜ አላህ ያርዝመው፤ ለእግርህም አዘንኩ፣ ሳቅኩም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፍታ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እዚህ የምናደርገውን ልንገርህ። የዛገ ብሎን በጉልበት አይፈታም። ናፍጣ አጠጥተህ ታሳድረዋለህ፤ ጠዋት ራሱን በመዶሻ ቀስ አድርገህ ትመታዋለህ፤ ከዚያ ለመፍታት ከመሞከርህ በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ታዞረዋለህ። ዝገቱ ሲሰበር ትሰማዋለህ። የሚፈታው አንድ በአንድ ነው።

አሁን የወረደውን በር ለማቅናት ክሪኩን በሩ ሥር አግባና ጨርቅ ደርበህ ክብደቱን ለክሪኩ ስጠው። ብሎኖቹን ሳታወጣ አላላቸው። በሩን በግራ እጅህ ደግፈህ፣ ቁልፉ ከመያዣው ትክክል እስኪመጣ ከፍ ዝቅ አድርግ። ሲስማማ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን አጥብቅ። ሳትቸኩል፣ ወንድሜ። አንተ ከልጅነትህ ስትቸኩል ነው የምትጎዳው።

እናቴ ትጾማለች ወይስ ሐኪም ከለከላት? ማን ያፈጥራታል? ጻፍልኝ።

አብዱልጀሊል


ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአብዱልጀሊል፣

ዒድ ሙባረክ። እማ ረመዳንን ሙሉውን ጾመዋል፤ የሚከለክላቸው ሐኪም ገና አልተወለደም። እኛ ጋ ነው ያፈጠሩት።

ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ስለ ክሪክና ስለ ናፍጣ መሆኑን እያወቁ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «በሩን በግራ እጅህ ደግፈህ» የሚለው ላይ ሲደርስ «ይሄ ልጅ ድሮም ሰው ሲያዝ እንዲህ ነበር» አሉ።

እንዳልከው አደረግኩ፤ በሩ ገጠመ። ከዒድ በኋላ ባለው ሰኞ እማ መርገጫውን ረግጠው ገቡ፤ በደጋንና በገርባ በኩል ባቲ ደረስን። የዓፋሮቹ ደንበኞቻቸው ሞተዋል ብለው አዝነው ነበር መሰለኝ፣ ዙሪያቸውን ከበው አልቅሰው ሳቁ። ያን ቀን ያየሁትን ፊታቸውን አንተ ብታየው ደስ ባለኝ።

አንድ ነገር ግን አለ። ማታ ቤት ስገባ በሩ ተንቋቋ። ባየው የታችኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተዋል። አጠበቅኳቸው። ዛሬም ሥራ ውዬ ስገባ እንዲሁ። ጥርሳቸውን ግራሶ ቀብቼ በደንብ አጥብቄ ነበር። ለእማ ስነግራቸው «ለአብዱልጀሊል ጻፍለት፤ ብረት የሚያውቀው እሱ ነው» አሉኝ።

ሰሊማ ሰላም ብላሃለች።

እንድሪስ


ጂዳ፣ ጥር 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእንድሪስ፣

እናቴ ባቲ መድረሷን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው፤ መኪና ሥር ገብቼ አነበብኩት፣ ሰው እንዳያየኝ።

የሚላላው ብሎኑ ስለሚያጥር ይመስለኛል። የመርገጫው ብረት ወፍራም ነው፤ በመሐል ሲገባ የብሎኑን ርዝመት ይበላዋል። የሚይዘው ጥርስ ጥቂት ብቻ ይቀራል። መኪናዋ ባንዘፈዘፈች ቁጥር ይላላል። ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋል። ወደ ሀገር በሚገቡ ሰዎች እጅ ከሥሩ ከሚገባው ቀለበት ከነሮንዴላው እልካለሁ። ግራሶውን በቤንዚን አጥበህ አስወግድ፤ ግራሶ ያለበት ጥርስ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳትደብቅ መልስልኝ። በሩ ላይ የሚንጠለጠል ሰው አለ? ተሳፋሪ ሲወጣ በሩን ይዞ ከሳበ የትኛውም ብሎን አይችለውም።

አብዱልጀሊል


ከሚሴ፣ የካቲት 10 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለአብዱልጀሊል፣

ረጃጅሞቹ ብሎኖች ደረሱ። ግራሶውን አጥቤ፣ ሮንዴላውን ሁሉ በቦታው አድርጌ ገጠምኳቸው። የመጀመሪያው ሰኞ ፍንክች አላሉም። «አለቀ፤ ከእንግዲህ አብዱልጀሊልን አናስቸግረውም» ብዬ ለእማ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ላልተው ተገኙ። በሦስተኛው ደግሞ ባሰ። ምን እንደነካቸው አላውቅም።

በሩ ላይ የሚንጠለጠል ሰው የለም። የምታውቀኝ ሰው ነኝ፣ ተሳፋሪ በር እንዲይዝ አልፈቅድም።

እማ ደህና ናቸው። ለዐረፋ የምትተኛበትን ክፍል እያስለቀለቁ ነው። ቀለሙን ነጭ አስደርገውታል።

እንድሪስ


ጂዳ፣ የካቲት 24 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእንድሪስ፣

ይህ የሚደርስህ ዐረፋ ካለፈ በኋላ ነው። እኔም እንዳልመጣሁ ያን ጊዜ አይታችኋል። ባለሱቁ በሐጅ ሰሞን ሰው አይለቅም፤ ብሄድ ቦታዬን ሌላ ይዞ ይጠብቀኛል። ይህ እውነት ነው። አስቀድሜ ላስታውቃችሁ እችል እንደነበረም እውነት ነው። ክፍሉ ነጭ ተቀባ የሚለውን ሳነብ እጄ ለመጻፍ እምቢ አለኝ።

ስለ ብሎኑ፦ ጠፍጣፋውን ሮንዴላ አውጣና የተሰነጠቀውን፣ እንደ ስፕሪንግ የሚገፋውን አግባ። አንድ ላይ ልኬልሃለሁ። ከዚያ በኋላም ከላላ የመኪናው አካል ውስጥ ያለው ጥርስ ተበልቷል ማለት ነው፤ በሌላ መንገድ እናየዋለን። ብቻ አትተወው፤ እስኪስተካከል ድረስ እናቴን አትጭናት።

እንዳትቀየመኝ በላት። አይ፣ ይቅር፤ ምንም አትበላት።

አብዱልጀሊል


ከሚሴ፣ መጋቢት 17 ቀን 1993 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዱልጀሊል፣

ቢስሚላህ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ቀድጃለሁ። መጀመሪያ ይህን ስማ፤ እማ ዘይቱና በሕይወት አሉ፣ ይበላሉ፣ ይቆጣሉ። አሁን የቀረውን ልንገርህ።

ባለፈው ሰኞ ባቲ ገበያው ሲበተን ወደ መኪናው እየወጡ ሳለ ብሎኑ ተነቀለ። በሩም መርገጫውም እሳቸውም አብረው መሬት ወደቁ። በእጃቸው አርፈው አንጓቸው ተሰበረ። እዚያው ያለ ወጌሻ በሸምበቆ አሰራቸው። ሲያስራቸው የጠየቁት የቅቤው ቅል እንዳልፈሰሰ ብቻ ነው። ደብዳቤህና ሮንዴላው የደረሱኝ በማግስቱ ነው።

አንተ በሩ ላይ የሚንጠለጠል አለ ወይ ስትለኝ የለም አልኩህ። ዋሸሁህ። የሚንጠለጠሉት እሳቸው ነበሩ።

ለምን አልጻፍክልኝም ትለኛለህ። እንዴት ብዬ ልጻፈው? ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ መሕረም ላልሆነ፣ በሃይማኖት ጋብቻ ላልተከለከለ ወንድ እጃቸውን እንደማይሰጡ ታውቃለህ። እኔ የባላቸው የወንድም ልጅ ነኝ። መጀመሪያ መርገጫው ላይ ሲቆሙ እጄን ዘረጋሁላቸው። «እንድሪስ፣ አሳደግኩህ እንጂ አልወለድኩህም» አሉኝና በሩን ያዙ። ሰሊማ ልጅ ታጠባለች፤ ባቲ አብራን አትሄድም። የገበያ ሴቶች ይርዱዎት ብል «ሰው መሐል እንደ ማሽላ ኬሻ አልጫንም» አሉ። ከውስጥ በኩል የጠፍር ማንገቻ ሰቀልኩላቸው። በፊት ይይዙት ነበር፤ ኋላ ትተውት ወደ በሩ ተመለሱ። ለምን ብዬ ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም።

ይህን ብጽፍልህ «እናትህ የሚይዙት እጅ አጡ» ማለት ይሆናል አልኩ። አንተን ከዚያ ርቀት በነገር መውጋት መሰለኝ። አዘንኩልህና ዋሸሁህ፤ በውሸቴ ደግሞ እሳቸውን ጣልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው መኪናው ላይ በወጣ ቁጥር ወርጄ ከሥሩ እቆማለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታ የምትለምነው ስታስበው የሚቀል ጥፋት ስታጠፋ ነው።

እንድሪስ


ጂዳ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1993 ዓ.ም.

እንድሪስ፣

ሰላምታውን በልብህ ሙላው።

አንተ አልጣልካትም። ያን መርገጫ አዲስ ነው ብዬ ላክሁ እንጂ አንድ ሰው ገዝቶ መልሶት ጥግ ተጥሎ የነበረ ካርቶን ነው፤ ባለሱቁ ውሰደው አለኝ። ረጃጅም ብሎኖቹ ከውስጡ ጠፍተው ነበር። እንደሚያስፈልጉ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን ሙስዐብ በማግስቱ የሚሄድ ሆነና፣ ብሎን ፍለጋ ከመዞር ብዬ «በነዚያው ብሎኖች እሰር» ብዬ ጻፍኩልህ። በአጭር ብሎን ለወራት ሲንቀጠቀጥ የመኪናዋን ጥርስ የበላው ያ ነው። በኋላ ረጅሙን ብሎን በላክሁ ጊዜ ለራሴ እንኳ አላመንኩም፤ መላ የፈለግኩ ባለሙያ መሰልኩ።

ለእናት የሚላክ ዕቃ ነበር። ለማያውቁት የሱቅ ደንበኛ እንኳ እንደዚያ አድርጌ ገጥሜ አላውቅም።

የሚይዙት እጅ አጡ ብለህ ለመጻፍ የፈራኸውን እኔ በየቀኑ ለራሴ እጽፈዋለሁ። ሐጅ ላይ ስንዞር በሰው ጎርፍ መሐል እጄን ይዛ ነበር፤ «ይህን እጅ ይዤ ከሚሴ ብገባ» ብላኝ ነበር። እኔ ሥራ አለብኝ አልኳት። እጅ መላክ ሲያቅተኝ ብረት ላክሁ።

አንጓዋ እንዴት ነው? ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ? ሌላ ምንም አትጻፍልኝ፤ እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

አብዱልጀሊል


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለወንድማችን ለአብዱልጀሊል፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን የምጽፈው ሰሊማ ነኝ። እንድሪስ ጨፋ ሮቢት ገበያ ውሏል። እማ ዘይቱና ልጁን ከእቅፌ ተቀብለው፣ ወረቀት አምጪ አሉኝ። እንዳልጨምር እንዳልቀንስ አዘውኛል። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ቃል ነው።

ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ይድረስህ። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ። ወጌሻው ሸምበቆውን ፈትቶልኛል፤ ሲበርድ ይነዘንዘኛል እንጂ ቅቤ መዝኜ እሸጣለሁ።

እንድሪስ ያንተን ደብዳቤ ሲያነብልኝ ድምፁ ተቆራረጠ፤ መሐሉን ዘለለብኝ። ሰሊማ ሙሉውን አነበበችልኝ። እሱ የጻፈልህንም ከአፉ ሰማሁ። ጥፋቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ መደብ መደብ አድርጋችሁ ሁለታችሁ ተካፈላችሁት፤ ለእኔ አንድ ጉማጅ እንኳ አልተዋችሁልኝም። በዚህ ቤት ያለ እኔ ሥጋ ተከፋፍሎ አያውቅም። ድርሻዬን እፈልጋለሁ።

እንድሪስ የሰቀለልኝ ማንገቻ ደህና ነበር። መጀመሪያ ብሎኑ የላላው ስላጠረ ነው፤ እሱ ያንተ ነው፣ ያዘው። ረጅሙ መጥቶ በታሰረ ሰኞ ግን መርገጫው እንደ ድንጋይ ጸና። ማንገቻዬን ይዤ በምቾት ገባሁ፣ በምቾት ወጣሁ። ማታ እንድሪስ እየሳቀ መጥቶ «አለቀ፤ ከእንግዲህ አብዱልጀሊልን አናስቸግረውም» አለኝ።

ልቤ ወደቀ።

አንተ የምትጽፈው ለዐረፋ ለዐረፋ ነበር። ያም ከመጣ። ብሎኑ መላላት ሲጀምር ግን አንዱ ደብዳቤህ ሳያረጅ ሌላው ይደርስ ጀመር። የተጻፈው ለእንድሪስ ነው፣ የሚያወራውም ስለ ብረት ነው፤ ቢሆንም ድምፅህ ነበር። «ሳትቸኩል፣ ወንድሜ» ስትል ለእኔ ያልክ ይመስለኝ ነበር። ናፍጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ግራሶ ምን እንደሚያበላሽ አሁን ከእንድሪስ የበለጠ አውቃለሁ። ባቲ ላይ የአንድ ሰው መኪና በር ሲንቋቋ ሰምቼ መላ ነገርኩት፤ ሹፌሩ ሴትዮዋ ምን ነካት አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞ ማንገቻውን ትቼ በሩን ያዝኩ። በሙሉ ክብደቴ ነው የያዝኩት። ለእንድሪስ ስለ መሕረም የነገርኩት እውነት ነው፤ ኋላ ማንገቻውን ትቼ በሩን ስይዝ ግን ሰበብ ነበር። አላህ ያውቀዋል፤ ለእሱ ተውበት አድርጌያለሁ። እንድሪስ ግን ሳያጠፋ ዛሬም ሰው በወጣ ቁጥር ወርዶ ከሥሩ ይቆማልና፣ ንጹሕ መሆኑን አንተ ጻፍለት። እኔ ልነግረው አፍሬያለሁ።

ስለ ዐረፋው አልተቀየምኩህም። ነጩ ክፍል ቅቤ ይቀመጥበታል።

ትናንት ብየዳ የሚያውቅ ሰው አምጥተው ማጠፊያውን ከመኪናው ጋር በእሳት አጣበቁት። እኔ ቆሜ አየሁ። እንድሪስ በሩን በሁለት እጁ እየነቀነቀ አሳየኝ፤ ዝንተ ዓለም አይነቃነቅም አለኝ።

እና አሁን የሚላላ ነገር የለኝም፣ ልጄ። ከእንግዲህ ምን ብለህ ትጽፍልኛለህ?

እናትህ ዘይቱና